በሞቴ ብሉ

እናትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። የአዳሪ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ተማሪዎቹ ከእጃቸው በማይለየው ዕቃ የተነሳ «ጭልፋ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉት ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ሰልፍ ላይ ሆኖ «ጭልፋ ዛሬ ፊቷ ጥሩ አይደለም» ሲል ከኋላው ቆመው ኖሮ፣ «ጭልፋ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፊት ያወጣችው?» ብለው የሱን ሳህን ከሁሉም አትረፍርፈው ሞሉለት። ጡረታ ከወጡ በኋላም ለሁለት ሰው የሚበቃ ምግብ መሥራት አልሆነላቸውም። ለራሳቸውና ለባላቸው ያበሰሉት ሁልጊዜ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር።

በሽታው መጥቶ የያዛቸው ታዲያ ጉሮሯቸው ላይ ነው።

መጀመሪያ ዳቦ አልወርድ አለ። ቀጥሎ ሩዝ። ከዚያ ሾርባው ወፍራሙ ቀረና ቀጭኑ ብቻ፣ እሱም በማንኪያ ጫፍ ሆነ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሚከብደውን ነገር ሲናገር እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሐል ያሽከረክራል። «ከዚህ በኋላ በጉሮሮ ብዙ አንሄድም። ሆዳቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተን ቱቦ እናስገባለን፤ ምግቡ በዚያ ይገባል» አለ። እናትየው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈን አድርገው፣ «እስቲ ላስብበት» አሉ።

ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ትልቋ ፋርማሲስት ናት፤ የጨው ብልቃጥ ላይ እንኳን ስም ሳትለጥፍ መደርደሪያ ላይ የማታስቀምጥ፣ ሁሉን ነገር በሰዓቱና በቦታው የምትፈልግ ሴት። ታናሹ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው ፎቅ ቤቶች ሆድ ዕቃ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ነው፤ መሬት ሲወርድም ወሬ አይወድም።

ሁለቱ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። አባትየው ልባቸው ሲደክም «ሆስፒታል አልሄድም፤ አልጋዬ ላይ ተዉኝ» ብለው ነበር። ወንዱ ልጃቸው ቃላቸውን ጠበቀ። ሴቷ ያኔ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር፤ ስትደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ቤት ሙሉ ሐዘንተኛ እየሰማ «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ» አለችው። እሱም ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ እናታቸውን የሚጠይቁት በየተራ ሆነ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።

ሐኪሙን ባነጋገሩ በሳምንቱ እናትየው ለሁለቱም ለየብቻ ደውለው በአንድ ሰዓት ጠሯቸው። ልጆቹ በር ላይ ሲገጣጠሙ አንዳቸውም ወደ ኋላ የሚመለሱበት ምክንያት አላገኙም።

«ሐይቁ ጋ ውሰዱኝ» አሉ እናትየው ገና ሳይቀመጡ።

ሐይቁ ተራራው አናት ላይ ነው፤ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ለሽርሽር ይሄድበታል። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቹን ወደዚያ ይወስድ ነበር። ዳቦውን የሚቆርጡት፣ እንቁላሉን የሚቀቅሉት፣ ሁሉንም በካርቶን አሽገው አውቶቡሱ ላይ የሚያስጭኑት እሳቸው ናቸው። አውቶቡሱ ላይ ግን ወጥተው አያውቁም፤ የቀሩትን ማን ያበላል? አመሻሽ ላይ ልጆቹ ፊታቸውን ፀሐይ መትቶት ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ እንቁላሉ አልነበረም። ሐይቁ ዳር ገዝተው ስለበሉት የተጠበሰ ዓሣ ነበር። ጣት ያስቆረጥማል፣ ይሉ ነበር።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ መብላት...» ልጅቷ ጀመረችና ቀሪውን ዋጠችው።

«እኔ ልብላ አልኩ እንዴ? የምትበሉት እናንተ ናችሁ። እኔ አያለሁ።»

* * *

ልጅየው የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ አስፈቅዶ መጣ። እናትየው ፊት ወንበር ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ምራቃቸው አልወርድ ሲል የሚተፉበትን ባለክዳን ኩባያ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ልጅቷ ከኋላ፣ የመድኃኒት ቦርሳዋን ታቅፋለች። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው።

«እማዬ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ በይው።»

«እማዬ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ መኪናው ይተኛል በያት።»

«መስኮቱን ይዝጋልሽ፣ ብርድ ነው።»

«ዝግ ነው በያት።»

እናትየው አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ጎን ሲዞሩ ቆይተው፣ «የስልክ ማዞሪያ አደረጋችሁኝ እኮ! በሉ መስመሩ ተይዟል፣ ቆይታችሁ ሞክሩ» አሉ። ልጅየው ሳቁን ሊያፍን ሲል አስነጠሰው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን በመስታወቱ አያት።

ሲደርሱ ወቅቱ እንዳልሆነ ገባቸው። ጉም ከሐይቁ ላይ አልተነሳም። ጀልባዎቹ ተገልብጠው ሸራ ለብሰዋል። ዳር ዳሩን የተደረደሩት ምግብ ቤቶች ወንበሮቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ቆልፈዋል። መንገዱ ላይ ከእነሱ ሌላ የነበረው ቅጠል የሚጠርግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጠርጎ ሳይጨርስ ነፋሱ ይበትንበታል።

ልጅቷ አስቀድማ በስልኳ አጣርታለች። «ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ትልቁን ሆቴል ነው። ንጹሕ ነው አሉ» አለች። ወደዚያው ሄዱ። ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ አዳራሽ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በሩቁ የተቀመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች። አስተናጋጁ ለእናትየው ወንበር ስቦ ካስቀመጣቸው በኋላ ሜኑውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። እሳቸው ሜኑውን ሳይከፍቱ አገጫቸውን ቀና አድርገው አየሩን በአፍንጫቸው ሳብ ሳብ አደረጉ።

«እዚህ ቤት ምንም አይሸትም» አሉ።

አስተናጋጁ ምስጋና መስሎት ፈገግ አለ። «አዎ እናቴ፣ አዲስ አየር ማጣሪያ አስገብተናል።»

«ደግ አድርጋችኋል። ተነሱ ልጆች።»

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አሁን ተቀምጠን?»

«የኔ ልጅ፣ እኔ አሁን የቀረኝ አፍንጫዬ ነው። እሱንም እዚህ ድረስ አምጥቼ ጦሙን ላውለው?»

ልጅቷ አስተናጋጁን ይቅርታ ጠየቀች። ተያይዘው ወጡ።

ጥቂት እንደሄዱ እናትየው ደክሟቸው ቆሙ። ልጅየው አጠገባቸው ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጣቸው። «ነይ ውጪ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«የታል ሰው? ያ ቅጠል ጠራጊ ነው? እሱ የራሱን ጣጣ አልጨረሰም።»

አዘላቸው። ሲነሳ ለከባድ ሸክም ተዘጋጅቶ ስለነበር ወደ ፊት ሊደፋ ምንም አልቀረው። የመሣሪያ ሻንጣው እንኳን ከሳቸው ይከብዳል። ፊቱ ልውጥ አለ። ልጅቷ ከኋላ እየተከተለች የእናቷን እግር አየች፤ ካልሲያቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ላልቶ ተንጠልጥሏል። እየሄደች ጎተት አድርጋ አስተካከለችላቸው። ወዲያው ተመልሶ ወረደ። እንደገና ጎተተችው።

«እዚያ ጋ!» አሉ እናትየው የልጃቸውን ትከሻ መታ መታ አድርገው። «ዘይቱ ትኩስ ነው። ሽንኩርትም አለ። በግራ!»

ልጆቹ ምንም አልሸተታቸውም፤ ግን በግራ ታጠፉ። ከጀልባ መጠገኛው በስተጀርባ ጣሪያዋ ዝቅ ያለች የእንጨት ቤት አለች። ከጭስ ማውጫዋ ቀጭን ጭስ ይወጣል። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ኩሽናውን ከመመገቢያው የሚለየው አንድ ባንኮኒ ብቻ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ጠና ያለች፣ ክንዷ በዘይት ፍንጣሪ ነጠብጣብ ያወጣ ሴት ዓሣ ትጠብሳለች።

እናትየው ከልጃቸው ጀርባ ወርደው በቀጥታ ወደ ባንኮኒው ሄዱ፤ ለምጣዱ የሚቀርበውን ጠረጴዛ ያዙ።

«እማማ፣ እዚህ ጭሱ ያስቸግርዎታል። መስኮቱ ጋ ይሁኑ፣ ሐይቁም ይታያል» አለች ዓሣ ጠባሿ።

«ሐይቁ የትም አይሄድ። እዚሁ ይመቸኛል።»

አዘዙ። ለልጅየው ሙሉ ዓሣ እስከ ጭንቅላቱ፣ ለልጅቷ እሾሁ የወጣለት፣ የተጠበሰ ድንች፣ ሩዝ፣ ሰላጣ፣ ዳቦ። ልጆቹ «በዛ» ቢሉም አልሰሟቸውም። ዓሣ ጠባሿ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «እርስዎስ?» አለች።

«እኔ በልቼ ነው የመጣሁ፣ ልጄ።»

ሴትዮዋ ጉንጫቸውን አየች፣ አንገታቸውን አየች፣ ጭናቸው ላይ ያለውን ኩባያ አየች። ምጣዱን ወደ ባንኮኒው ጠርዝ፣ ወደ እሳቸው ቀረብ አድርጋ ጣደችው። ዘይቱ ሲንጣጣ እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር።

ምግቡ መጣ። ጠረጴዛው ሞላ፤ ማንም እጁን አልሰደደም። ልጅቷ ሹካዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ልጅየው ዳቦ ቆርሶ ፍርፋሪውን በጣቱ ያንከባልላል። እናትየው አንዱን ያያሉ፣ ሌላዋን ያያሉ። በመጨረሻ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚሉት፣ ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ፦

«በሞቴ ብሉ!»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናትየው ራሳቸው ያሉትን አሁን የሰሙት ይመስል ቅንድባቸውን ሰቀሉ፤ ቀጥሎ ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ወደ ኩባያቸው ተፉ፣ አፋቸውን ጠረጉ።

«እና ምን ልበል? ሌላ ቃል አላውቅም» አሉ። «ድሮም በዚሁ ነው ያሳደግኳችሁ። ብሉ እንጂ፤ ሲቀዘቅዝ ምን ዋጋ አለው?»

ልጅየው መጀመሪያ ጎረሰ። እንባው አገጩ ላይ እየወረደ ያኝካል። «ይጣፍጣል?» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። «እንደሱ አይደለም፣ ንገረኝ። እንዴት ነው?»

«ላዩ... ላዩ ቀጭን ሆኖ ይሰበራል። ውስጡ እንደ ወተት ነው። ትንሽ ሎሚ አለው።»

«ጨውስ?»

«ልክ ነው።»

«ድንቹስ?» አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው። እሷም ቀመሰችና ነገረቻቸው። እንዲህ እየጠየቁ፣ እነሱም ጉርሻቸውን እየተረኩ፣ ከሳህኑ ግማሹ ወረደ። እናትየው ወንበራቸውን ደገፍ ብለው እንደጠገበ ሰው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ስላላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገረው» አሉ። «ሆዴን አላስበሳም። ቱቦውን አልፈልግም።»

ልጅቷ ሹካዋን ጣለች። ወንድሟን ዓመት ሙሉ ፊቱን ሳታይ ቆይታ አሁን ዞራ ዓይኑን አየችው። «አንተ ነህ! አንተ ነህ የመከርካት! እንደ አባባ እሷንም ዝም ብለህ ልታያት ነው!»

«እኔ አሁን ነው የሰማሁት» አለ።

«አልሰማህም! አንተ ሁልጊዜ እሺ ነው ቃልህ! ሰው ልሙት ሲልህም እሺ!»

«ልጄ» አሉ እናትየው። «ልጄ፣ እሱ ምንም አላለኝም። ሰው አበላሁ፣ ሰው ሲበላ አየሁ፤ ምግብ ማለት ለኔ ይሄ ነው። ሳልቀምሰው፣ ሳይሸተኝ፣ እንደ በርሜል በጎኔ የሚሞሉኝን እኔ ምግብ አልለውም። ለሌላ ሰው ይሆናል፣ እሰየው። ለኔ አይሆንም።»

«ወራት እኮ ይሰጥሻል፣ እማዬ! እኔ እኮ አውቃለሁ!»

«እንደምታውቂ አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት።»

ልጅቷ ተነስታ ኮቷን ሳትለብስ ወጣች።

* * *

ልጅየው ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ቆማ አገኛት። ኮቷን ይዞላት መጥቷል። ሰጣት፤ አልተቀበለችውም፤ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ጎን ለጎን ቆመው ጉሙን አዩ። ውኃው ከሥራቸው እንጨቱን ቀስ እያለ ይመታል።

ልጅቷ ወደሱ ሳትዞር፣ «አባባ መጨረሻ ላይ ምን በላ?» አለች።

ይህን ጠይቃው አታውቅም ነበር። ምንም ጠይቃው አታውቅም። የከሰሰችው እንጂ የጠየቀችው አልነበረም።

«ብርቱካን» አለ። «ብርቱካን አማረኝ አለ። ዝናብ ነበር፤ ወጥቼ ፈልጌ አመጣሁለት። ልልጥለት ስል ‹አምጣው፣ እኔ ልላጠው› ብሎ ራሱ በጥፍሩ ላጠው። ጊዜ ወሰደበት፣ ግን ላጠው። ሁለት ፍልቃቂ በላ። ከዚያ...» ከትከሻዋ የተንሸራተተውን ኮት አቃናላት። «ከዚያ ‹ግማሹን ለእህትህ አስቀምጥላት፣ መንገድ ላይ ናት› አለኝ።»

«አስቀመጥክልኝ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ስትመጪ ልሰጥሽ ነበር። ከዚያ ያንን ቃል ተናገርሽኝ።»

ልጅቷ ከወገቧ እጥፍ ብላ እንጨቱ ላይ ተቀመጠች። እንደ ሕፃን ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ውኃው ላይ ሄዶ ይመለሳል። ወንድሟ አላባበላትም። አጠገቧ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሎ ጠበቃት። ሲበቃት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «ሆስፒታል ሂድ ብለህ ለምነኸው ነበር?» አለች።

«ጉልበቱን ስሜ ለምኜዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቤት ሙሉ ሰው ፊት ‹ለምኜው ነበር› ብዬ ልከራከርሽ? አባቴ አልጋው ላይ እያለ?»

ሲመለሱ እናትየው ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዓሣ ጠባሿ የራሷን ሹራብ ደርባላቸው፣ ደጋግማ ሽንኩርት ታቁላላለች፤ ሌላ እንግዳ ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ልጆቹ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀመጡ። ዓሣው ቀዝቅዟል። በሉት። እናትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ጨረሳችሁት?» አሉ።

«ጨረስነው፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።

* * *

ቱቦው አልገባም። እናትየው ልጅቷ ቤት ገቡ። ሐኪሙ የሚቻለውን ማስታገሻ አዘዘላቸው፤ ልጅቷ በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፣ ከንፈራቸውን በረጠበ ጥጥ ታረጥባለች። ልጅየው በየቀኑ ከሥራ ወደዚያ መምጣት ጀመረ። አንዳንድ ቀን ይጣሉ ነበር። ልጅቷ አንድ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ አስቁማው፣ «አሁንም ጊዜ አለን፣ አንተ ብትነግራት ትሰማሃለች» አለችው። «አልነግራትም» አላት። የያዘችውን ሳህን ወርውራ ሰበረች። ስብርባሪውን አብረው ለቀሙ። ከመኝታ ክፍሉ፣ «ማነው ዕቃውን የሚጨርሰው?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

እናትየው አንድ ጠዋት፣ ልጅየው መስኮቱን ሲከፍት፣ ልጅቷ አንሶላ ስትቀይር፣ በሁለቱ መሐል አረፉ። ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቀረ። ቀብሩ ላይ አሁን ጎልማሳ የሆኑ የድሮ ተማሪዎች ብዙ መጡ፤ አንዳንዱ ከጭልፋ በቀር ትክክለኛ ስማቸውን የሰማው የዚያን ቀን ነው።

ልጅቷ እረፍቷን ጨርሳ ሥራ ገባች። ደህና ነበረች። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰው አስተናገደች፣ ብልቃጥ ላይ ስም ለጠፈች፣ ስለ መጠን አስረዳች። ከዚያ አንድ አዛውንት የሰጠቻቸውን መድኃኒት ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ፣ «ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?» አሏት።

በየቀኑ የምትመልሰው ጥያቄ ነው። አፏን ከፈተች። ቃሉ አልመጣም። አዛውንቱ መልሰው ጠየቋት፣ ከኋላ የተሰለፉት ቀና ቀና አሉ። የሥራ ባልደረባዋ ክንዷን ይዛ ገለል አድርጋ ቦታዋን ተካችላት። ልጅቷ ከኋላ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብታ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና ለወንድሟ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ተንጠልጥያለሁ» አለ። ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ያስተጋባል።

«ና።»

«ወረድኩ።»

እጁ ግራሶ እንደሆነ፣ የደኅንነት ቆቡን እንኳን ሳያወልቅ መጣ። አጠገቧ ሌላ ካርቶን ስቦ ተቀመጠ።

«አሁንም እኮ ቱቦው ቢገባ ኖሮ ትቆይ ነበር ነው የምለው» አለች። «ሐሳቤን አልቀየርኩም።»

«ሊሆን ይችላል» አለ።

«አንተ እንደዛ አታስብም።»

«አላውቅም። እኔም አንዳንድ ጊዜ እንደዛ አስባለሁ።»

ዞራ አየችው። እንዲህ ይላል ብላ አልጠበቀችም። ከመጋረጃው ወዲያ ባልደረባዋ ለሰው ስታስረዳ፣ ሰው ሲያመሰግን፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ልጅቷ ከካርቶኖቹ አንዱን ከፍታ ጥጥ አወጣች፤ አልኮል ነከረችበትና የወንድሟን እጅ ይዛ ግራሶውን ከጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ መጥረግ ያዘች። እሱም እጁን ሰጣት። ሁለቱም እጆቹ ጠሩ። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ጋውኗን አስተካከለች፣ መድኃኒት ወደምትሰጥበት መስኮትም ተመለሰች።